ጣሪያውን ተሸክሞ የወረደው ሰው

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ፈረስ አልነበረውም።

ቆይ አበጀ፣ ፊትህን አታጥቁርብኝ። ስለ ልጅህ ጠይቀኸኝ ስለ ፈረስ መጀመሬን አውቃለሁ። «እማሆይ፣ መስማት የተሳናትን ልጄን የት ላስቀምጣት? እዚሁ ከእኔ ጋር ትሁን ወይስ ከተማ ወስጄ ለአዳሪ ትምህርት ቤቱ ልስጣት?» ብለኸኛል። ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬ ገና አልደከመም። ግን እኔ የኮርቻ ሰፊ ልጅ ነኝ። ከመመንኮሴ በፊት ያደግሁት በቆዳና በፈረስ ላብ ሽታ መካከል ነው፤ የምመልስልህም በማውቀው ነው። አንተም ልብስ ሰፊ ነህና መርፌው ላይ ክር ሳታስገባ አትሰፋም። ክሩን እስካስገባ ታገሠኝ።

ያ ገበሬ ፈረስ አልነበረውም። በዚያ አገር ደግሞ ፈረስ የሌለው ወንድ ከሰው አይቆጠርም ማለት ይቻላል። ሙሽራ የሚታጀበው በፈረስ ነው። ሰው ሲሞት ፈረሱ ተሸልሞ ለቅሶው ላይ ይዞራል። በበዓል ቀን ወንዱ ሁሉ መስክ ላይ ወጥቶ ይጋልባል። ፈረስ ያለው ሰው እናቱ ባወጣችለት ስም መጠራቱ ይቀርና በፈረሱ ስም «አባ እገሌ» እየተባለ በአደባባይ ይወደሳል። የእኛ ሰው ግን በየሠርጉ ከኋላ በእግሩ ይከተላል። የፊተኞቹ ያስነሡትን አቧራ ሲውጥ ውሎ ድግሱ ቤት የሚደርሰው ሰው እጁን ታጥቦ ሲነሣ ነው። ጎረቤቶቹ «መጣ እግሬ!» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱም አብሯቸው ይስቅና ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ ሆድ ብሶቱን ይነግራታል።

ወይፈን አሳድጎ ሸጠ፤ ደግሞ ሌላ አሳድጎ ሸጠ። ጠጉሩ መሸበት ሲጀምር ፈረሱን ገዛ። ዳማ ፈረስ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት፤ አንገቱን ሲሰብቅ አላፊ አግዳሚውን ያቆማል። ስሙን ለዓመታት በሆዱ ይዞት ስለኖረ ገና ከገበያው ሳይወጣ «ድፈር!» ብሎ ጠራው። ከዚያ ወዲያ እንዴት ቤቱ እንደደረሰ አያውቀውም። በደስታ ብዛት ፈረሱ ላይ መቀመጥ ረስቶ መንገዱን ሁሉ እየሳበው ነው የመጣው።

እንግዲህ ፈረስ ገዝተህ ስትመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «የት ላኑረው?» የሚል ነው። ሰውየው በሬ ያውቃል፣ በግ ያውቃል፤ ፈረስ ግን አያውቅም። ቤቱ ጉብታ ላይ ነው። አባቱ የሠሩት ጎጆ ነው፤ ከሩቅ ይታያል፤ ነፋስ አይለየውም፤ ዙሪያው ድንጋይ እንጂ ሣር የለውም፤ ቅርብ ጎረቤትም የለውም። ከታች ለጥ ያለ አረንጓዴ መስክ አለ፤ የአገሩ ፈረስ ሁሉ የሚውለው እዚያ ነው። በመስኩ ዳር የአንድ ባለጸጋ ግቢ አለ። ባለጸጋው ብዙ ፈረሶችና ረጅም ጋጣ አለው፤ ፈረሶቹን የሚጠብቅለት ባልደራስም የታወቀ ሰው ነው።

ገበሬው አላመነታም። ፈረሱን ቤቱ አደረገው። እህል የሚቀመጥበትን ጥግ አስለቅቆ ጋጣ ሠራለት። የሚስቱ ማሰሮና እንስራ ውጭ ወጣ፤ እሷም አልተቆጣችም፤ ከገብሱ ደህና ደህናውን እየለቀመች ታቀርብለት ጀመር። ቀን ቀን ደጃፉ ላይ ችካል ተክሎ ያስረዋል። ከታች የሚያልፍ ሰው ቀና ብሎ ያያል። «አባ ድፈር! እንኳን ደስ ያለህ!» ይለዋል። ያን ጊዜ ያ ሰው ምን ያህል ደስ እንዳለው ልነግርህ አልችልም።

ፈረሱ ግን አልበላም። ገብሱን አሸተተና ተወው። ችካሉን ሲዞር ይውላል፤ ሲደክመው ፊቱን ቁልቁል ወደ መስኩ አዙሮ ይቆማል። ጎኑ ገባ፤ ጠጉሩ ቆመ። ገበሬው ደነገጠ። እስቲ አበጀ፣ ምን ያሰበ ይመስልሃል? የሰው ዓይን በላው አለ! አላፊ አግዳሚው ሁሉ ስላደነቀው ዓይን ገባው ብሎ አመነ። አንገቱ ላይ ክታብ አሠረለት፤ ጠበል ወስዶ አስጠመቀው። እሱ ባልከፋ። ከዚያ ግን ከቤቱ ጀርባ ወሰደውና ዙሪያውን በሸምበቆ አጠረበት፤ ከፍ ያለ አጥር፣ ሰው እንዳያየው። አጥሩ ሰውን ከለከለ። ፈረሱም መስኩን እንዳያይ ከለከለው። እስከዚያ ድረስ ቢያንስ ከሩቅ ያይ ነበር፤ አሁን የሚያየው ሸምበቆ ብቻ ሆነ።

በአንድ ጠዋት ሚስቱ ቆማ አየችው፤ ፈረሱ ግንባሩን አጥሩ ላይ አስደግፎ ቆሟል።

«አንተ ሰው፣» አለችው፤ «ይህ ፈረስ ቢታመም ኖሮ ይተኛ ነበር። አልታመመም። ናፍቆት ነው ያለበት።»

«የማንን ናፍቆት? እኔ አለሁለት፤ አንቺ አለሽለት።»

«እኛ ፈረስ ነን እንዴ?»

በማግስቱ አጥሩን አፍርሶ ፈረሱን እየሳበ ወደ ባለጸጋው ወረደ። ክፉ ሰው የሚመጣልህ ይመስልሃል አይደል? ባለጸጋ ሲባል እንዲህ ታስባላችሁ። አይደለም፤ ደግ ሰው ነበር። ፈረሱን ዞሮ ዞሮ አየውና «እዚህ ተወው፤ ከእኔዎቹ ጋር ይዋል፣ ከእኔዎቹ ጋር ይደር። ምንም አልፈልግም። በፈለግህ ጊዜ መጥተህ ጭነህ ትሄዳለህ» አለው።

ፈረሱን ለቀቁት። መስኩን ሲረግጥ አሽካካ፤ ሌሎቹም መለሱለት። አንዱ አንገቱን በአንገቱ ላይ ጣለበት። ከዚያ አጎንብሶ ሣሩን ይግጥ ጀመር፤ ቀና ሳይል ዋለ። ገበሬው እያየ ዕንባው መጣ። ደስ አለው፤ ደግሞም ከፋው። ለዓመታት ያሰበለትን ሁሉ ፈረሱ በአንድ ጉንጭ ሣር ለወጠበት።

ፈረሱ ወፈረ፤ ጠጉሩ አንጸባረቀ። ገበሬው ግን ጉብታው ላይ ነው፤ እርሻው እዚያ ነው፤ ሲመቸው ይወርዳል፤ ዝናብ ሲሆን ይቀራል። እንዲህ እንዲህ እያለ የበዓል ቀን ደረሰ። አዲስ ኮርቻ አሠርቶ ነበር። ትከሻው ላይ ተሸክሞት ወረደ፤ ሚስቱም አዲስ ነጠላ ለብሳ ተከተለችው። መስኩ ዳር ቆሞ፣ አገር እየሰማ፣ «ድፈር!» ብሎ ተጣራ።

ፈረሱ አንድ ጆሮውን አቆመ፤ አየው፤ ተመልሶ ወደ ሣሩ አጎነበሰ። ድጋሚ ጠራው፤ አልመጣም። ያን ጊዜ ባልደራሱ ለመርዳት ብሎ በምላሱ ጠቅ ጠቅ አደረገ። ፈረሱ እየሮጠ መጥቶ አፍንጫውን ባልደራሱ ትከሻ ላይ አሳረፈ። ከሩቅ አገር የመጡ እንግዶች ይህን አይተው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ደግ! አባ ድፈር!» ብለው ባልደራሱን አወደሱት።

ባልደራሱ በኀፍረት ቀላ። «ኧረ የእኔ አይደለም፤ ባለቤቱ እሳቸው ናቸው» ብሎ በእጁ አሳየ። ገበሬው እንደ ልማዱ አብሮ ሳቀ፤ ኮርቻውን ጫነ፤ ጋለበ። ፈረሱ ታዘዘለት፤ ነገር ግን ጆሮው ወደ ባልደራሱ እንደዞረ ነበር። በዓሉ ሲያልቅ ፈረሱን መስኩ ላይ ለቀቀና ኮርቻውን ተሸክሞ አቀበቱን በእግሩ ወጣ። ፈረስ የገዛው ሰው በእግሩ!

አበጀ፣ እኔ ያን ሰው የማደንቀው ከዚህ በኋላ ባደረገው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን በንዴት ፈረሱን ጎትቶ ወደ ጉብታው ይመልሰዋል፤ «የኔ ነው፤ ቢርበውም ቢከፋውም ከኔ ጋር!» ይላል። ሌላው ደግሞ «እሱ ከጠገበ ይበቃኛል» ብሎ ቤቱ ይቀመጣል፤ በዓል በመጣ ቁጥር ፈረሱን እንደ እንግዳ ይጎበኛል። ሁለቱንም ሰዎች አውቃቸዋለሁ፤ አልፈርድባቸውም። ይህ ሰው ግን አቀበቱ መካከል ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ኮርቻውን አጠገቡ አኖረ። ቀና ብሎ ቤቱን አየ፤ ዝቅ ብሎ መስኩን አየ። ከዚያ ቀን በፊት ፈረሱን ወዴት እንደሚወስደው ብቻ ነበር የሚያስበው። ሊነሣ የሚችል ሌላም ነገር እንዳለ ትዝ ያለው እዚያ ድንጋይ ላይ ነው።

ሚስቱ ደርሳ አጠገቡ ቆመች። «ፈረሱን ልትመልሰው ነው?»

«አይደለም፤» አላት። «ጣሪያውን ልናወርደው ነው።»

መጀመሪያ ያበደ መሰላት። ቤቱ የአባቱ ነው። እሷም እዚያ ደጅ ላይ ሙሽራ ሆና ገብታለች፤ ከጓሮው የተከለችው ጌሾ አለ፤ ጸሐይዋን የምትሞቅበት ድንጋይ እንኳ አለ። ታች ጭጋግ ነው፣ እርጥበት ነው፤ ከሩቅ የሚያይህ የለም። ወደ ጉብታው ቀና ብላ አየችና «ጌሾዬስ?» አለችው።

«ጌሾ ይተከላል።»

«እርሻህስ? በየቀኑ ይህን አቀበት ልትወጣው ነው?»

«ፈረስ አለኝ እኮ!» አላት።

ይህን ሲላት ሳቀች። ፈረስ ከገዙ ወዲህ ፈረስ እንዳላቸው የታወሳቸው ያን ጊዜ ነው። ተነሥታ ኮርቻውን በአንድ በኩል ያዘችለት።

በዚያ አገር የጎጆ ጣሪያ በዋዛ አይፈርስም። ሣሩ ተሰብስቦ፣ ደርቆ፣ ተመትሮ እስኪከደን ድረስ ብዙ ድካም አለው። ስለዚህ ቤት የሚለውጥ ሰው ደቦ ይጠራል፤ ጎረምሳው ሁሉ ቤቱ ውስጥ ይገባና ጣሪያውን ከነወራጁ በትከሻው አንሥቶ ይሄዳል። ገበሬው ደቦውን ሲጠራ ሽማግሌዎቹ ቀለዱበት። «ሰው ለልጁ ቤት ሲሠራ አይተናል፤ ለከብት ብሎ ቤት የሚያነሣ ግን አንተ ብቻ ነህ» አሉት። እሱ ግን ባለጸጋውን ሄዶ በመስኩ ዳር ጥግ ለመነ፤ ባለጸጋው ቦታውን ሰጠው፤ ለግድግዳውም ሸምበቆ ጨመረለት። በደቦው ቀንም ነጠላውን አደግድጎ መጣና ከጎረምሶቹ ጋር ጣሪያው ሥር ገባ። እኔ እሱንም እወደዋለሁ።

ጣሪያው ተነሣ። ገበሬው ከፊት ነው። ሁሉም ሣር ሥር ስለሆኑ ከውጭ የሚታየው እግር ብቻ ነው፤ ብዙ እግር ያለው ጎጆ «ሆ!» እያለ ቁልቁለቱን ይወርዳል። ሚስቱ እንስራዋን አዝላ፣ የጌሾ ችግኝ ይዛ ከፊት ከፊት መንገድ ታሳያቸዋለች። መስኩ ላይ ሲደርሱ ፈረሶቹ ይህን ጉድ አዩና ጭራቸውን ሰቅለው በረገጉ። ድፈርም አብሮ በረገገ። ባልደራሱ በምላሱ ጠቅ ጠቅ ቢያደርግ፣ ቢያፏጭ አንዱም አልመለስ አለ።

ገበሬው ከጣሪያው ሥር ሆኖ ምንም አያይም፤ የሰኮና ድምፅ ግን ሰማ። ምን እንደሆነ ገባው። «ድፈር!» ብሎ ጮኸ። «አይዞህ! እኛ ነን! መጣን!»

ፈረሱ ከሩቅ ቆመ። ዞረ። ሌሎቹ አልፈውት ሄዱ። እሱ ግን አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ቆመ፤ ደግሞ ተራመደ። ተሸካሚዎቹም ሚስቱ በእጇ ምልክት ስትሰጣቸው ጣሪያውን እንደያዙ ቆሙ። ፈረሱ ደረሰ። ሣሩን አሸተተ፤ ዞሮ አሸተተ። ከዚያ ከጣሪያው ጠርዝ ላይ አንድ ጉንጭ ሙሉ ሣር ነቅሎ በላ።

ጉብታው ላይ የተለቀመ ገብስ እምቢ ያለው ፈረስ ጣሪያቸውን በላ! ሚስቱ ሳቋን መያዝ አቅቷት መሬት ተቀመጠች። ምን እንደሆነ ለተሸካሚዎቹ ስትነግራቸው እነሱም ሳቁ፤ ባለጸጋው ሳቀ፤ ጣሪያው እየተርገፈገፈ ሊወድቅባቸው ነበር። ገበሬው ግን ከሣሩ ሥር ሆኖ አለቀሰ። ማንም አላየውም፤ አጠገቡ የነበረው ባለጸጋ ነው ኋላ የተናገረው።

እዚያው ዳር ቤቱ ቆመ። ገበሬው ጠዋት ሲነሣ የሚያየው ፈረሱን ነው፤ ማታም እንዲሁ። ባልደራሱ በምላስ መጥራቱን አስተማረው። ምላሱ እምቢ ብሎት ብዙ ሰው አስቋል፤ ሚስቱ ቀድማው ቻለች፤ እሱም እያደር ቻለ። እርሻው ሲወጣ በፈረሱ ይወጣል፣ በፈረሱ ይወርዳል። በቀጣዩ በዓል መስኩ ዳር ቆሞ ሲጠራው ፈረሱ ሌሎቹን ጥሎ መጣ፤ አፍንጫውንም ትከሻው ላይ አሳረፈ። ከሰው ሁሉ ቀድሞ «አባ ድፈር!» ብሎ ያወደሰው ባልደራሱ ነበር። ያ ጣሪያ በአንድ በኩል ተቦጭቆ ኖረ። ሚስቱ አታስከድነውም ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ እያሳየች ታወራለች።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ፣ አበጀ። ልጅህን ከፈረስ ጋር አላስተያየኋትም፤ ትርንጎ ሰው ናት፣ ያውም ከብዙዎቻችን የምትሻል። ያስተያየሁት አንተን ከዚያ ገበሬ ጋር ነው።

አንተና ሚስትህ ልጅ አጥታችሁ እዚህ ደጅ ስትመላለሱ አይቻችኋለሁ። እንደዚያ ሰው ዘግይቶ ተሰጣችሁ፤ እንደዚያ ሰው ወደዳችሁ። አለመስማቷ ሲታወቅ ዓይን ነው አላችሁ። ጠበል አመጣችኋት፤ ደግ አደረጋችሁ፤ ውኃውን አናቷ ላይ ያፈሰስሁት እኔ ራሴ ነኝ። ከዚያ ግን ሱቅህ ውስጥ መጋረጃ ሰቀልህ። ሰው እንዳያያት ብለህ ከጨርቅ ቁርጥራጭ ጋር ከመጋረጃው ጀርባ አስቀመጥሃት። እሷም ሰው ሳታይ ዋለች። ያንን አጥር ስነግርህ መሬት መሬት ያየኸው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ።

ከተማ የወሰድሃት ዕለት የሆነውን የነገርኸኝ አንተው ነህ። በትምህርት ቤቱ ግቢ ልጆቹ በእጃቸው ሲያወሩ ስታይ እጅህን ለቅቃ ሮጠች። እጇን እያነሣች ሳቀች። ስትወጡ የበሩን ብረት ይዛ አልለቅም አለች። ይህን ስትነግረኝ አለቀስህ፤ ደስ ብሎህ ይሁን ከፍቶህ እንዳላወቅኸውም ነገርኸኝ። እኔ አውቄዋለሁ። ኮርቻ ተሸክሞ አቀበት የወጣው ሰው ልቅሶ ነው።

እዚህ ብታስቀራት ከእናንተ ጋር ትሆናለች፤ ፊቷን ግን ወደዚያ አዙራ ትኖራለች። እዚያ ሰጥተሃት ብትመለስ ትማራለች፣ ትስቃለች፣ ጓደኛ ታገኛለች፤ አንተ ግን በበዓል በበዓል ዳቦ ይዞ የሚመጣ እንግዳ ትሆናለህ። በእጇ የምትለውን አስተማሪዋ ያውቃል፤ አባቷ አስተርጓሚ ይፈልጋል። ሁለቱንም አይተህ «የቱ ይሻላል?» ብለህ መጣህ። ያላየኸው የራስህን ጣሪያ ነው።

ያንተ ጣሪያ የስፌት መኪናህ ናት። ከተማም ሱሪ ይቀደዳል፤ ከተማም ዚፕ ይበላሻል። ከዚያ ትምህርት ቤት አጠገብ አንድ በረንዳ ፈልግ። ትርንጎ ቀን ከብጤዎቿ ጋር ትዋል፣ ማታ ቤቷ ትግባ። እጅህ መርፌ የለመደ እጅ ነው፤ የልጅህን ቋንቋ ይማር። መጀመሪያ ያስቃት ይሆናል፤ ትሳቅ፤ የአባቷ ጣት ሲወላገድ አይታ የምትስቅ ልጅ አባት አላት። «ሱቁ የአባቴ ነው» እንደምትለኝም አውቃለሁ። ጉብታውም የአባቱ ነበር።

ለሚስትህ ግን ዛሬውኑ ንገራት። እሷም የራሷ ጌሾ ይኖራታል፤ ምን እንደሆነ ጠይቃት፤ እሱም አብሮ ይሂድ።

መኪናዋ ከባድ ናት ብለህ ደግሞ እንዳትመለስብኝ። በአንድ በኩል አንተ ያዛት። በሌላው በኩል የሚይዝ ካጣህ እኔ እይዝልሃለሁ።